ከመመንጠራችሁ በፊት አንድ ጠዋት ስጡን

ይድረስ የአዲስ አበባን ፓርኮች ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ በከተማችን ፓርኮች ውስጥ ወፍ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ መቁጠር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የብዝኃ ሕይወት ተመራማሪ ነኝ» እላለሁ። ጥበቃዎቹ ግን «ወፍ ቆጣሪዋ» ነው የሚሉኝ። እሱም አይከፋም።

ይህን የምጽፈው በአንድ ጥግ ምክንያት ነው። የፓርኩን ስም አልጠራም። ከአጥሩ ሥር አጋምና ቀጋ ተጠላልፎ የበቀለበት፣ መሐሉ ላይ አንድ ኮርች የቆመበት ጥግ ነበር። ላላወቀው ዳዋ ነው። ኮርቹ ቅጠሉን አራግፎ ቀዩን አበባ ሲያወጣ ግን እዚያ ቆሞ ማየት ነበር። መንቁሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ወፍ አበባው ላይ ተንጠልጥላ ትቀስማለች። ወንዱ ሲመጣ መጀመሪያ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ይሆናል። ታች እሾሁ ውስጥ ደግሞ ሌሎቹ ይንጫጫሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስመጣ ጥጉ የለም። ተመንጥሮ፣ ተደልድሎ፣ ሣር ተነጥፎበታል። ኮርቹን ትተውታል፤ ግንዱን ኖራ ቀብተው። ሣሩ ላይ አሁንም ጋጋኖ ወርዶ ትል ይለቅማል፤ እሱ ሣር ይወዳል። የተቀሩት ግን ሄደዋል።

ሠራተኞቹን አልወቅስም። «አጽዱ» ተባሉ፣ አጸዱ። የእኔ ጠብ ከዚያች ቃል ጋር ነው። ቀጋና አጋም ከመቼ ወዲህ ነው ቆሻሻ የሆኑት?

ነገሩ የወፍ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እያልን ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ችግኝ እንተክላለን። ጥሩ ነው፤ እኔም ተክያለሁ። ወይራን ግን ወፍም ይተክለዋል፣ ያውም ያለ በጀት። ፍሬውን ውጦ ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል፤ ዘሩን እዚያው ይጥላል። ችግኙም በቁጥቋጦው ጥላ ሥር፣ በእሾሁ ከፍየል ተከልሎ ያድጋል። እኛ ይህን በነጻ የሚሠራ ችግኝ ጣቢያ መንጥረን ሣር እናነጥፋለን። ከዚያ በጋውን ሙሉ ውሃ በቦቴ እያመላለስን ስናጠጣ እንከርማለን።

ትልልቆቹ ዛፎችም ነገር አላቸው። ያ ፊቱ ቀላ ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ነው። ጎጆውን ዛፍ ላይ ይሠራል፤ የሚጥለውም አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ቅርንጫፍ ከማስቆረጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩልኝ።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ቁጥቋጦ ከመመንጠራችሁ በፊት ጥሩን። አንድ ጠዋት ይበቃናል። የሚተርፈውን ገመድ አስረንበት እንሄዳለን፤ ለሣሩም ቦታ አይጠፋም። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ዱሩ ዱር እንደሆነ ሰው ይንሸራሸርበታል፣ ማንም ቆሻሻ ነው ሲል አልሰማሁም።

ሌላው የበሩ ጉዳይ ነው። ወፍ የሚቆጠረው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ስገባ ወፎቹ ቁርሳቸውን ጨርሰዋል። ደብዳቤ አምጪ እባላለሁ፤ ሳመጣ ደግሞ ሌላኛው ፓርክ አያውቀውም። ባይኖኩላሬን ያየ ሁሉ «ምን እየሰለልሽ ነው?» ይለኛል። በሁሉም በር የሚያስገባ አንድ ወረቀት ስጡን፣ ከንጋት ጀምሮ።

ጥበቃዎቻችሁን ግን አመስግኑልኝ። አንድ ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን «ልጄ፣ ወፍ ቆጥረሽ ማን ይከፍልሻል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬ ዛሬ ገና ከበሩ ሳልገባ ሪፖርት ያቀርቡልኛል። ባለፈው ሳምንት በዱላቸው ወደ አጥሩ፣ ቀጋው ወደነበረበት፣ እያመለከቱ «እነዚያ ጭራ ረጅሞቹ እኮ ከቀሩ ቆዩ» አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር
ወፍ ቆጣሪዋ