ቃል የተገባው ገንዘብ የት ደረሰ?

ስለ አሜሪካዊው ባለሀብት ቴድ ተርነር ሕይወት ያወጣችሁት ጽሑፍ የሲኤንኤንን አመሠራረት በደንብ ይተርካል። ልግስናውን ግን በሁለት መስመር አልፎታል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሰውየው ከአባቱ የወረሰው የማስታወቂያ ሰሌዳ ድርጅት ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. አትላንታ ውስጥ አንድ አነስተኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ ገዛ። በ1980 የ24 ሰዓቱን የዜና ጣቢያ ሲኤንኤንን ከፈተ። በ1997 ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታት ሥራዎች 1 ቢሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ በአደባባይ ቃል ገባ። ገንዘቡን የሚያስተዳድር ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ክፍያውም በዓመታት ተከፋፈለ። በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ አሽቆልቁሎ ሀብቱ ክፉኛ ቀነሰ። እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም፤ ጊዜውን አራዝሞ ከፍሎ ጨረሰ። እኔ የማደንቀው ከቢሊዮኑ ይልቅ ይህንን ነው።

የእኛዋ ድሬዳዋም ለጋስ አጥታ አታውቅም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ያለውን ያካፈለው ብዙ ነው። ግን የአንድ ሰሞን ስጦታ ብርድ ልብስና ዱቄት ገዝቶ ያልቃል። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ጸንቶ እንዲቆም ገንዘቡ በየዓመቱ መምጣት አለበት። በገቢ ማሰባሰቢያ መድረክ ላይ ቃል ሲገባ ይጨበጨባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ለዚህ ስጡ። በከተማችን በአደባባይ ቃል የተገባውን፣ የተከፈለውንና የቀረውን በሠንጠረዥ አውጡ። ለትምህርት ቤቶች ቃል ከተገባው ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

አንባቢያችሁ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ