የክልል ኮታ ይጠየቅ ላላችሁ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

«የእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊጉ ለየክልሉ የክለብ ኮታ ይስጥ» የሚለው ሐሳባችሁ ደርሶናል። ቅሬታው እውነት አለው፤ አዲስ አበባ ጊዮርጊስን፣ ቡናን፣ መቻልን፣ መድንን፣ ንግድ ባንክን ስትይዝ፣ ተጫዋቹን ጋቶች ፓኖምን ያፈራችው ጋምቤላ በሊጉ ክለብ የላትም። ኮታን ግን አንደግፍም። ሊግ የሚገባው በነጥብ ነው፤ የጅማው ክለብ ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ አንሥቶ በ2014 ከሊጉ ወርዷል።

ደብዳቤ ከጻፍን ክለቦች በገዛ ከተማቸው ሜዳ ስለ መጫወታቸው እንጻፍ። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ሲካሄድ ክለቡ የመግቢያ ገቢውን ያጣል፣ የተጫዋች ደመወዝም የከተማ አስተዳደር በጀት ላይ ይንጠለጠላል። የሶዶ ሰው የከተማውን ክለብ ወላይታ ድቻን ለማየት ድሬዳዋ ድረስ ይሂድ? እኛን የሚያበግነን ይሄ ነው!

ረቂቁን እሑድ እናየዋለን፤ ሐሳብ ያላችሁ ለጸሐፊያችን ቀድማችሁ ስጡ።