ዕድሜን ከ220 መቀነስ ለአዛውንት አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ አዛውንቶች ዕድሜያቸውን ከ220 ቀንሰው፣ ከሚያገኙት የልብ ምት ከ70 እስከ 80 በመቶ ባለው ልክ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክራችኋል። በቅን ልቦና እንደ ተጻፈ አልጠራጠርም። ዘመኔን በሒሳብ መምህርነት የፈጀሁ ሰው ነኝና ግን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ሰባ ዓመቴ ነው። በእናንተ ስሌት የልብ ምቴ ጣራ በደቂቃ 150፣ ልምምዴም ከ105 እስከ 120 ምት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካና ባልደረቦቹ ያወጡት ቀመር ደግሞ ጣራዬን 159 ያደርገዋል። ሁለቱም አማካይ ናቸው፤ በእኩያሞች መካከል የአሥር ምት ልዩነት የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ለደም ግፊት የምወስደው ቤታ ብሎከር የልብ ምቴን ዝቅ ስለሚያደርገው ሁለቱም ለእኔ አይሠሩም።

ሐኪሜ ያዘዘልኝ ምርመራ ዕድሜዬን አይጠይቅም። አፍና አፍንጫዬን በጭምብል ሸፍነው፣ ደረቴ ላይ ገመዶች ለጥፈው፣ ቋሚ ብስክሌት ላይ አስቀመጡኝ። የፔዳሉ ክብደት በየደቂቃው በ10 ዋት ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ሰውነቴ የተጠቀመበትን ኦክስጅንና ያስወጣሁትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነጥብ ይሥላል። ነጥቦቹ መጀመሪያ ቀጥ ባለ መሥመር ይጓዛሉ። ጡንቻ ሲለፋ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ መጠራቀም ሲጀምር በደም ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት አሲዱን ያረግባል፤ ከዚህም ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ መሥመሩ ሽቅብ ይታጠፋል። የአናኤሮቢክ ወሰን የሚባለው ያ መታጠፊያ ነው። ቢቨር፣ ዋሰርማንና ዊፕ ዘዴውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የመሥመር ተዳፋት ለምን ይጠቅማል እያሉ ያላገጡብኝ ተማሪዎቼ ያን ስክሪን ባዩት!

የእኔ መሥመር የታጠፈው ልቤ 98 ጊዜ ስትመታ ነው። በዓምዳችሁ ምክር ብሄድ ኖሮ ዘወትር ከወሰኔ በላይ ስለፋ እከርም ነበር።

ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ወሰኑ ከመዛላችን በፊት መገኘቱ ነው። የመጨረሻውን አቅም ለመለካት ሰው እስኪያቅተው መግፋት አለበት፤ አዛውንትን ግን ብዙ ጊዜ ከልቡ ቀድሞ ጉልበቱ ያስቆመዋል። መታጠፊያው በሁሉም ላይ ጥርት ብሎ አይታይም፤ በተለይ ልባቸው የደከመ ሰዎች ትንፋሻቸው ስለሚዋዥቅ ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻ ቢያነቡት ይመረጣል።

ነገሩ የስፖርተኞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 187 ሰዎች ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት ተመርምረው ነበር። ወሰናቸው ላይ ሲደርሱ የተጠቀሙት ኦክስጅን ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደታቸው በደቂቃ ከ11 ሚሊ ሊትር በታች ከነበረው 55 ሰዎች 10ሩ በልብና በደም ሥር ችግር ሞቱ፤ ከቀሩት 132 ሰዎች የሞተው አንድ ነው።

መሣሪያው በቅርብ የማይገኝለት አንባቢ እየተራመደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻሉን ይፈትሽ፤ ንግግሩ መቆራረጥ ከጀመረ ወሰኑ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓምዳችሁ ቢያንስ ይህንንና የቤታ ብሎከሩን ጉዳይ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር