ባለእጁ ዋስትና ያስፈልገዋል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ ስለ ሀገራት ብልጽግና የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የማዕድን ሀብትንና የውጭ ብድርን ያነሣሉ፤ በእጁ ሠርቶ የሚያድረው ሰው ግን እምብዛም አይታወስም። እኔ እንደማምነው የአንዳንድ ሕዝቦች ዕድገት ሳይቋረጥ የዘለቀው ባለእጁን ከሊቁ ጋር ስላገናኙትና የላቡን ፍሬ ማንም እንደማይነጥቀው በሕግ ስላረጋገጡለት ነው።

የጄምስ ዋትን ታሪክ ለአብነት ላንሣ። ይህ መሣሪያ ሠሪ በግላስጎው ከተማ ሱቅ እንዳይከፍት የሙያ ማኅበሩ ሲከለክለው፣ ዩኒቨርሲቲው በ1757 እ.ኤ.አ. በግቢው ውስጥ የሥራ ክፍል ሰጠው። በዚያም ከከሰል ጉድጓድ ውኃ ለመሳብ ያገለግል የነበረውን የኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር አነስተኛ ሞዴል ሲጠግን፣ ሲሊንደሩ በየምቱ ቀዝቅዞ እንደገና መሞቁ እንፋሎቱን በከንቱ እንደሚጨርሰው ተረዳ፤ ስለ ሙቀት ይመራመሩ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ጆሴፍ ብላክ ጋርም ይመካከር ነበር። እንፋሎቱ በተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ላደረገበት ፈጠራ በ1769 የፓተንት መብት፣ ማለትም ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ፈጠራውን እንዳይጠቀምበት የሚከለክል የሕግ ዋስትና አገኘ፤ የብሪታንያ ፓርላማም በ1775 መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ያለዚህ ዋስትና የሥራ ሸሪኩን ማቲው ቦልተንን የመሰለ ባለሀብት ገንዘቡን ለዓመታት ትርፍ በማይሰጥ ሥራ ላይ ያውል ነበር ብዬ አላስብም።

ጎንደራችንም የቅኔና የአቋቋም ሊቃውንት፣ እስከ ምጽዋና ስናር የሚዘልቁ ነጋዴዎች፣ ግንበኞች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ነበሯት። ይሁን እንጂ ለገበሬው ማረሻ የሚቀጠቅጠው ቤተ እስራኤላዊ በአብዛኛው ርስት የመያዝ መብት ተነፍጎ፣ «ቡዳ ነው» እየተባለ ይሸሹት ነበር፤ ሊቁና ቀጥቃጩ በአንድ ከተማ እየኖሩ በዕውቀት ሳይገናኙ ቀሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ዋጋ ተረድተው በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት መድፍ እስከ ማሠራት ደርሰዋል፤ ሥራው ግን የቆመው በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ስለነበረ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ከንጉሡ ጋር አበቃ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጅግ ያሳዝነኛል።

ዛሬም በከተማችን ብረት የሚበይደው ወጣት የመሥሪያ ሼዱን መቼ ልቀቅ እንደሚባል ስለማያውቅ የተሻለ ማሽን ለመግዛት አይደፍርም። ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት በፍርድ ቤት የሚጸና የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል እንዲሰጡት፣ ዩኒቨርሲቲያችንም የወርክሾፖቹን በር ለቀጥቃጩ፣ ለሸማኔውና ለወለቃ ሸክላ ሠሪዎች እንዲከፍት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር