እማዬ፣ የአባዬን ወንበር አስመጪና ተቀመጪ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ሙቀቱ በርትቷል። ብቸና ግን ጠዋት ጠዋት የጮቄ ብርድ ገና እንደሚወርድባችሁ አውቃለሁ።

ስልክ ላይ ስለ ራስሽ አታወሪም። «ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?» ትይና ወሬው ወደ እኛ ይዞራል። እህቴ ግን ሁሉንም ነግራኛለች። ከመደቡ ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ። ከቅዳሴ ስትመለሺ መንገድ ላይ ደጋግመሽ ታርፊያለሽ። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ይልሻል። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። የልጅ ልጅሽ ቀስ እያለ ያንብብልሽ። መሃል ላይ አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ስላለ አይቸኩል።

ወገቤን እንዴት ያመኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የቢሮ ሥራ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ያሻለኝ ዮጋ ነው። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ አነጥፌ እሠራለሁ። ሰውነትን ቀስ ብሎ መዘርጋትና ማጠፍ፣ ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ ከዚያ ጋር ትንፋሽን መከተል ነው። የመጣው ከሕንድ ነው፤ አባዬን ሒሳብ ካስተማሩት መምህር አገር። አሁን ዓለም ሁሉ ይሠራዋል። የተባበሩት መንግሥታት ቀን ሰጥቶት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 14 ይከበራል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ወደ ኪኒን ከመሄድ በፊት ይሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው።

አሁን «ይሄ ደግሞ የማን ሃይማኖት ነው?» ትያለሽ። መጠየቅሽ ልክ ነው። ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። በእነሱ ቋንቋ የሚዜም ጸሎትም አለው። እኔ ያንን አልልም፣ አንቺም አትይውም። የምለምንሽ እጅና እግርሽን እንድታንቀሳቅሺ፣ ትንፋሽሽን እንድታረዝሚ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው «ስግደትም እኮ ዮጋ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ ከሰውነት ማጠንከሪያ ጋር አንድ ላይ መቆጠር የለበትም። ካልተመቸሽ ደብዳቤውን ለንስሐ አባትሽ አስነብቢላቸው። እሳቸው ሲፈቅዱልሽ ትጀምሪያለሽ።

ከፈቀዱልሽ ግን የአባዬን ባለመደገፊያ ወንበር አስመጪ። ዱካው አይሆንም፣ በጣም ዝቅ ይላል። ወንበሩ እንዳይንሸራተት ግድግዳ ይደገፍ። ተቀመጪ። ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ይርገጡ። አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ አየር አስገቢ፤ ልጁ እስከ አራት ይቁጠር። ከዚያ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ እስከ ስድስት ይቁጠር። ትንፋሽሽን አፍነሽ አታቆዪ። እንዲህ ስታደርጊ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ትተነፍሻለሽ። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ የዚህን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይተነፍሳል። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ስለዚህ ማስወጣቱ ሲረዝም ሰውነት ይረጋጋል። አምስት ደቂቃ ይበቃሻል። ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋብሽም ጋደም ብለሽ ይህንኑ አድርጊ። ጸሎትሽን ከዚያ በፊትም በኋላም መጸለይ ትችያለሽ።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን መነሳቱ ነው። ሰው ሲያረጅ የጭኑ ሥጋ ይሳሳል፤ ካልሠራ ደግሞ ቶሎ ይሳሳል። ጉልበት ከዳ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከጭን ይጀምራል። በአንቺ ዕድሜ ወድቆ ዳሌ መሰበር ምን እንደሚያመጣ በጎረቤት አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። አንቺ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። እዚያው ወንበር ላይ ትንሽ ወደ ፊት ቀረብ በይ። ትንፋሽሽን እያስወጣሽ ተነሺ። ቀስ ብለሽ ተመለሺና ተቀመጪ። መጀመሪያ በእጅሽ ጭንሽን ብትደገፊ ምንም አይደለም። አምስት ጊዜ ከቻልሽ ጎሽ ነው። ቀጥሎ የወንበሩን ፊት ወደ ግድግዳው ያዙሩልሽ፤ ከኋላው ቁሚና መደገፊያውን ያዢ። የአንዱን እግርሽን ተረከዝ አንሺ፤ ጣቶቹ መሬት ይንኩ። ዓይንሽን አንድ ቦታ ላይ አሳርፊ። ሦስት ጊዜ ተንፍሺና እግር ቀይሪ። እህቴ አጠገብሽ ሳትኖር ይህን አትሥሪ።

አደራ፣ ጭንቅላትሽን ወደ ታች የምትደፊበት ነገር አይኑር፤ ግፊት አለብሽ። የግፊት ኪኒን ደግሞ ሰው ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል። ከአልጋ ስትነሺ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ትንሽ ተንፍሺ፣ ከዚያ ቁሚ። ካዞረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ተዪው፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱሽ።

ሌላ አንድ ነገር አለ። ዮጋ የሚያስተምሩ ሰዎች ልብ እጅ ከሚሠራው ጋር ይሁን ይላሉ። ጥጥ ስትፈትዪ ሞክሪው። እንዝርቱ ሲሾር ክሩ በጣቶችሽ መሃል ሲቀጥን ይሰማሽ። ሐሳብሽ ወደ እኛ ወይም ወደ መንገዱ ወሬ ሲሄድ ራስሽን አትቆጪ። ወደ ጣቶችሽ መልሺው። ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ትመልሺዋለሽ። ቀኑን ሙሉ የከፈትሽውን ሬዲዮም ለዚያች ሰዓት ዝጊው።

እና እባክሽ ቁጭ ብለሽ ብዪ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሁላችንን አብልተሽ ስታበቂ ጓዳ ውስጥ ቆመሽ የተረፈውን ስትጎራርሺ ነው። ማንም «ተቀመጪ» አላለሽም። አሁን እኔ እላለሁ። የራስሽ ድርሻ ከእኛ እኩል ይቅረብልሽ፣ ጉርሻውን አላምጠሽ ዋጪ፣ የወጡን ጣዕም እወቂው። ከነገርኩሽ ሁሉ አንዱን ብቻ ከሆነ የምትይዢው፣ ይህን ያዢልኝ።

ኪኒንሽ ሊያልቅ ሲል አስቀድመሽ አስነግሪኝ። ከዚህ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። መንገዱ እንደምታውቂው ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሻላል። ጉልበትሽን የሚያምሽ ስትነሺ ይሁን ስትቀመጪ ለልጁ ንገሪውና ይጻፍልኝ፤ እንደዚያው አይቼ ሌላ እልክልሻለሁ። ለእህቴና ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላም በይልኝ።

በጣም የምትወድሽ ልጅሽ