ዘበኛው ለምን ሁልጊዜ በገጠር አማርኛ ያወራል?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ዶክተሩም ጠበቃውም የአዲስ አበባ አማርኛ ያወራሉ። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ሲመጡ ግን ቅላፄው ወደ ጎጃም ወይም ወደ ወሎ ይሄዳል። ተመልካቹም እንዲስቅ ይጠበቃል። ይሄ ያናድደኛል።

የአዲስ አበባ አማርኛ “ትክክለኛው” የተባለው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ቤተ መንግሥቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ኋላም ሬዲዮው እዚህ ስለተሰበሰቡ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ሽማግሌ ፊት “ጓደኛዬ” የሚል ወጣት ሰፈሩ ሲደርስ “ጀለሴ” ይላል። “ፋራ” እና “ነቄ” የአራዳ ልጆች ቃል ነበሩ፤ ዛሬ ቢሮ ውስጥም ይሰማሉ። ወሎዬ የተጨነቀን ሰው የሚያጽናናበት “አብሽር”ም አሁን የሁላችን ሆኗል። ቃሉን ወስዶ በቅላፄው መሳቅ ምን የሚሉት ነው?

ጉዳቱ ከቴሌቪዥኑ ውጭም አለ። አብራን የምትሠራ የወሎ ልጅ አለች። ሻይ ላይ ጨዋታዋ አይጠገብም። ስብሰባ ላይ ግን አነጋገሯን እየደገሙ የሚስቁባት ስላሉ ዝም ትላለች። ሥራውን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው ደግሞ እሷ ናት!

እናንተም አንድ ነገር ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ገበሬ ወይም ነጋዴ ስታነጋግሩ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የምታስገቡትን አነጋገር ወደ አዲስ አበባ አማርኛ አትቀይሩት። ድራማ ጸሐፊዎችም እስኪ ሐኪሟን የጎንደር ልጅ አድርጓት፤ እንደ አገሯም ታውራ።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ