ግልጽ ደብዳቤ፦ የ1966ን ድራማ ሥሩልን

ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ዋና ሥራ አስፈጻሚ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ኢቢሲ የ1966ን አብዮት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አድርጎ እንዲሠራልን ልለምንዎ ነው።

ወደ እናንተ የመጣሁት ታሪኩ ውስጥ ስላላችሁበት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። በየመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ገብቶበታል። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር። በማግስቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያን ፊልም ቆርጦ የቀጠለው ባለሙያ እጁ አልተንቀጠቀጠም ይሆን? ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ ክፍል ይወጣዋል።

ድራማው ግን ከቤተ መንግሥት እንዳይጀምር አደራ። ነገሌ ቦረና ይጀምር። ጥር 1966 ላይ እዚያ የነበሩት ወታደሮች ያመፁት በምግብና በውሃ ነው። የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም አሉ። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ነዳጅ ተወደደ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፣ መምህራን አድማ መቱ። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። እቺን ቀን እባካችሁ አትዝለሏት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መጨረሻው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ያህል ሰዎች፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ጭምር፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ውሃ አጣን ብሎ የጀመረ አመፅ በ10 ወር ውስጥ እንዴት እዚህ ደረሰ? ማን ዝም አለ? ማን ይብቃ ሊል ፈልጎ ፈራ? ድራማው ይህን በደንብ ካላሳየ ባይሠራ ይሻላል። ንጉሡን መልአክ፣ ደርግን ሰይጣን አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ሁለቱንም ስንሰማ ነው ያደግነው።

ልጆቻችን በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የቱርክ ድራማዎችን እያዩ የሱልጣኖቹን ሽኩቻ በቃላቸው ይወጡታል። አክሊሉ ማን ነበሩ ብትሏቸው ግን ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ማን አሳያቸው?

ጊዜው ደግሞ እየሄደ ነው። ያኔ ወጣት የነበሩት ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እዚህ አዳማ በባቡሩ የሠሩ፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የኖሩ፣ ያኔ ናዝሬት ውስጥ ተማሪ የነበሩ አባቶችና እናቶች አሉ። ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ሰው ላኩና ድምፃቸውን ቅዱ። ማኅደራችሁንም ለጸሐፊዎቹ ክፈቱላቸው። እዚህ ለምትልኩት ሰው ሽማግሌዎቹን ቤት ለቤት እየዞርኩ አገናኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአዳማ ነዋሪ